የሚያነክስ ውሻ ሕክምና ከሳህኑ ይጀምራል፦ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በውሾች የመገጣጠሚያ በሽታ ላይ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ውሻ አሳዳጊዎች እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። «እንዲህ ይላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ የውሻ ባለቤቶችም ጥቂት አይደሉም። ጸሐፊው ለውሾች የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ውሻ ሕመሙን ውጦ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ አልጮኸም ማለት አላመመውም ማለት እንዳልሆነ ያስረዱበት ክፍል ሙሉ በሙሉ የምስማማበት ነው። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፍለት ማለታቸውም ተገቢ ምክር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በእንስሳት ሕክምና ሥራዬ ከማየውም፣ በጥናት ከተረጋገጠውም ጋር ስለሚጋጭ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ፣ ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ኦስቲዮአርትራይተስ (የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየተበላ የሚሄድበት የመገጣጠሚያ በሽታ) የእርጅና ዕጣ ነው። ሁለት ሦስት ኪሎ ትርፍ ክብደት ለትልቅ ውሻ ምንም አይደለም። ያረጀ ውሻን ምግብ መቀነስ ጭካኔ ነው። ግሉኮሳሚን የተባለው ማሟያ የተበላውን መገጣጠሚያ መልሶ ይገነባል። የዓሣ ዘይት የተፈጥሮ ስለሆነ እንደልብ ይሰጠው። ለኩላሊቱ ሲባል ፕሮቲን ይቀነስለት። ውሻው ይረፍ፣ አይንቀሳቀስ። ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ ቤት ካለው የሰው ማስታገሻ ትንሽ ይቅመስ። በየተራ እመልሳለሁ፤ የመጨረሻውን ግን ሊገድል ስለሚችል ከሁሉም አስቀድማለሁ።

አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ የሰው ማስታገሻዎች የውሻን ጨጓራና አንጀት ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፤ ኩላሊቱን ሥራ እስከ ማስቆም ይደርሳሉ። ፓራሲታሞል ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፣ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣዋል። «ትንሽ» የሚባለው ነገር በሰው ዓይን ተለክቶ ነው፤ ለሰው ትንሽ የሆነ ፍሬ ለአምስት ኪሎ ውሻ ብዙ ነው። ለውሻ በኪሎው ተሰልተው የሚታዘዙ፣ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካምን የመሰሉ መድኃኒቶች አሉ። እነሱን እየወሰደ ላለ ውሻ የሰው ማስታገሻ መደረብ አደጋውን ያብሰዋል። ጽሑፉን አምናችሁ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ውሻው ደህና ቢመስልም ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ደውሉ። ምን እንደሰጣችሁ፣ ስንት ሚሊግራምና ስንት ሰዓት ላይ እንደሰጣችሁ ሳትደብቁ ንገሩ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። «ሁሉም ያረጀ ውሻ ያነክሳል» የሚለው አነጋገር ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጣል። በውሻ ላይ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ አለው። የዳሌው መገጣጠሚያ በልኩ ሳይገጥም ያደገ፣ የክርኑ አጥንቶች እኩል ያላደጉ ወይም የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ውሻ ገና በአንድና በሁለት ዓመቱ ሊጀምረው ይችላል። ዕድሜ የተጀመረውን ያጎላል። በየትኛው ፍጥነት እንደሚጎላ ግን በእጃችን ባለ ነገር ላይ በእጅጉ ይመሠረታል።

ለዚህ ላብራዶር በሚባለው የውሻ ዝርያ ላይ የተደረገውን ጥናት የሚያህል ማስረጃ አላውቅም። ፑሪና የተባለው የእንስሳት ምግብ አምራች ያካሄደው ነው። 48 የላብራዶር ቡችሎች በአንድ ላይ ከተወለዱት መካከል ጥንድ ጥንድ ሆነው ተመደቡ። ከየጥንዱ አንደኛው ሌላኛው ከሚበላው 25 በመቶ ያነሰ ይሰጠዋል። የምግቡ ዓይነት አንድ፣ አኗኗራቸው አንድ፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ውጤት፣ ቀንሰው ከበሉት ግማሾቹ 13 ዓመት ሲደፍኑ የሌሎቹ ግማሽ በ11.2 ዓመት ማለቃቸውን አሳየ። ከዕድሜው በላይ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ሌላው ግኝት ነው፦ የዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ ከጠገቡት ግማሽ ያህሉ ላይ በራጅ እስኪታይ የፈጀው 6 ዓመት ነበር፤ ቀንሰው ከበሉት ግማሽ ያህሉ ላይ ግን 12 ዓመት። የእናትና የአባት ደም አንድ ሆኖ፣ ስድስት ዓመት ልዩነት! ምግብ ሸጦ የሚያድር ኩባንያ «ቀንሳችሁ አብሉ» የሚል ውጤት ማሳተሙ በበኩሌ እምነቴን ይጨምረዋል።

አንባቢ «እነዚያ የጠገቡት ድንብልብል ያሉ ውሾች ይሆናሉ» ብሎ እንዳያልፈው። የውሻ የሰውነት አቋም ከ1 እስከ 9 ባለ መለኪያ ይገመታል፤ 4 እና 5 ደህና የሚባለው ነው። ያልተቀነሰላቸው ላብራዶሮች በአማካይ 6.7 ነበሩ። ይህ በየመንገዱ ስናየው «አቤት ደስ የሚል ሰውነት» የምንለው ውሻ ነው። ዓይናችን ወፍራም ውሻን እንደ ጤነኛ መቁጠር ለምዷል። ጸሐፊው ትርፍ ክብደትን አቅልለው ያዩትም ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል።

ስለዚህ በዓይን ከመፍረድ በእጅ መዳበስ ይሻላል። አንድ እጃችሁን መዳፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በሌላው እጅ ጣቶች የተዘረጋውን እጅ ጀርባ ዳብሱ፤ አጥንቶቹ በስስ ቆዳ ሥር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የውሻችሁም የጎን አጥንቶች ሳትጫኑ እንደዚያ ሊሰማችሁ ይገባል። አሁን እጁን ገልብጡና ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ወፍራም ሥጋ ዳብሱ። የጎን አጥንቱን ለማግኘት በዚያ ልክ መጫን ካስፈለጋችሁ ውሻው ወፍሯል። ከላይ ቆማችሁ ስታዩት ወገቡ ሰብሰብ ማለት አለበት፤ ከጎን ስታዩት ሆዱ ከደረቱ ከፍ ማለት አለበት። ፀጉረ ረጅም ውሻ ዓይንን ስለሚያታልል እሱ ላይ እጃችሁን ብቻ እመኑ። ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ በግምት ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ነው።

«ሁለት ሦስት ኪሎ ምን አላት» ለሚለው ቀጥተኛው መልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ ጥናት ይገኛል። ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው 14 ወፍራም ውሾች ክብደት እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ከመነሻ ክብደታቸው 6 በመቶ ያህል ሲቀንሱ ማነከሳቸው በሚታይ ሁኔታ ተሻለ። ወደ 9 በመቶ ሲጠጉ ደግሞ እግራቸው መሬት ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል የሚለካው መሣሪያም ለውጡን መዘገበ። ይህን በአንድ ውሻ ላይ እናስላው። 30 ኪሎ መሆን ሲገባው 38 ኪሎ የደረሰ ውሻ አለ እንበል። የ38 ኪሎ 6 በመቶ 2.3 ኪሎ ነው። ጸሐፊው «ምንም አይደለም» ያሏት ያቺው ሁለት ሦስት ኪሎ ውሻው ደረጃ በመውጣትና ባለመውጣት መካከል ያለችው ልዩነት ልትሆን ትችላለች። ስምንቱንም ኪሎ እስኪቀንስ መጠበቅም አያስፈልግም፤ እፎይታው ከመንገዱ አጋማሽ በፊት ይጀምራል።

በዚህ ላይ ስብ መገጣጠሚያን የሚጎዳው በክብደቱ ብቻ አይደለም። የስብ ሕዋሳት ሌፕቲንን የመሰሉ ሆርሞኖችንና ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ። በሰዎችም ላይ ውፍረት፣ የሰውነት ክብደት የማያርፍበትን የእጅ ጣት መገጣጠሚያ ሳይቀር ለዚሁ በሽታ እንደሚያጋልጥ ታውቋል። እንግዲህ የታመመ መገጣጠሚያ ያለው ወፍራም ውሻ ከላይ ጫና፣ ከውስጥ ደግሞ ብግነት አለበት። ጸሐፊው «መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሱ፤ ከዚያ ሲሮጥ ራሱ ይከሳል» ይላሉ። ሕመሙን ማስታገሱ ትክክል ነው፣ መዘግየትም የለበትም። ነገር ግን የሚያነክስ ውሻ በሚችለው እርምጃ የሚያቃጥለው ካሎሪ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዲት የኦቾሎኒ ቅቤ ማንኪያ ትመልሰዋለች። ክብደት የሚቀንሰው በሳህኑ ነው። ሁለቱ አብረው ይጀመሩ።

የጽሑፉ ልብ ያለው ግን ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ ብዙ አንባቢም የተነካው በእሱ ይመስለኛል። «ዕድሜው በገፋ፣ ደስታው ሁሉ ምግብ በሆነበት ሰዓት ከአፉ መንጠቅ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?» የሚል መንፈስ አለው። ስሜቱን አላጣጥለውም። ሳህኑን ልሶ ጨርሶ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይ ውሻ አንጀት ይበላል። ነገር ግን ያ ውሻ ከተኛበት ለመነሳት ሁለቴ ሦስቴ ሲሞክር፣ የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን መጎተት ሲያቅተው ያየ ሰው ጭካኔው የቱ ጋ እንዳለ ደግሞ ማሰብ አለበት። ውሻው መጫወት፣ ከሰው ጋር መውጣት፣ ሶፋ ላይ መዝለልም ደስታው ነበር። እነዚያ አንድ በአንድ ሲቀሩበት ነው ምግብ ብቻ የቀረው።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ልክ ናቸው፦ የለመደውን ምግብ በግማሽ ቆርጦ መስጠት ትክክል አይደለም። ተራ የውሻ ምግብ በጣም ሲቀነስ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑ፣ ቪታሚኑና ማዕድኑም አብሮ ይጎድላል፤ ውሻው ከስብ ይልቅ ጡንቻውን ያጣል። የታመመ መገጣጠሚያን ደግፎ የሚይዘው ያ ጡንቻ ነው። ለዚህ ነው ለክብደት መቀነሻ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ካሎሪው ያነሰ፣ ፕሮቲንና አሰሩ የበዛ ምግብ የሚመረጠው።

መጠኑ እንዴት ይታወቃል? የ38 ኪሎውን ውሻ እንደገና እንውሰድ። ስሌቱ የሚሠራው አሁን ባለው ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው 30 ኪሎ ነው። 30ን ወደ 0.75 አርቢ አንስታችሁ በ70 ስታባዙት ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል፤ ለአንድ ቀን መነሻው ይህ ነው። ከዚህ ውስጥ ለማባበያ የሚፈቀደው ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ 90 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። 30 ግራም ቺዝ ብቻውን ይህን ያልፋል። መድኃኒት የሚዋጥበት ቁራሽ፣ ከማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ፣ ጥርስ ማጽጃ ተብሎ የሚታኘከው ሁሉ ከዚያው 90 ላይ ይቆጠራል።

ምግቡ በመለኪያ ኩባያ ሳይሆን በሚዛን፣ በግራም ይለካ። ይህን ሳነሳ «ማካበድ ነው» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ሰዎች ደረቅ የውሻ ምግብ በኩባያ እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ ስሕተቱ ከሚፈለገው 18 በመቶ ከማነስ እስከ 80 በመቶ እስከ መብለጥ ደርሶ ነበር። ውሻው «ምንም ሳይበላ ይወፍራል» ከሚባልባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ነው። ሌላው ችግር ሰጪው መብዛቱ ነው። ምርመራ ክፍሌ ውስጥ እናት «እኔ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የምሰጠው» ስትል፣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቁርሱን እንደሚያካፍለው ይናገራል፤ አያት ደግሞ ከሰዓት ሻይ ሲጠጡ ብስኩት ይሰጡታል። ሁሉም እውነቱን ነው፣ ሁሉም ትንሽ ነው የሰጠው። መፍትሔው ማንንም መክሰስ አይደለም። የቀኑ ምግብ ጠዋት በሙሉ ተመዝኖ አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። መስጠት የፈለገ ሁሉ ከዚያው ያንሳ፤ ዕቃው ባዶ ሲሆን የቀኑ ድርሻ አልቋል። አያትም ከሰዓት የሚሰጡት አያጡም፣ ውሻውም ከእጃቸው መቀበሉ አይቀርበትም።

ረሃቡን ለማስታገስ ምግቡን ሦስት አራት ጊዜ መከፋፈል፣ እየገፋ እያሸተተ በሚያወጣበት መጫወቻ ውስጥ መስጠት፣ ያለ ጨውና ያለ ቅባት የተቀቀለ ፎሶሊያ መጨመር ይረዳል። ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብና ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ነገር ግን መርዝ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ዓይነት ሚዛን ይመዘን። በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ለዚህ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ380 እስከ 760 ግራም መቀነስ መልካም ፍጥነት ነው። በትክክል ተመዝኖ እየተሰጠው ንቅንቅ ካላለ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ወይም ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ይመርመር። የተኮላሸ ውሻ የኃይል ፍላጎቱ ስለሚቀንስ እንደ ቀድሞው መመገቡ ብቻ ያወፍረዋል፤ ይህን ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ጀምሮ ማወቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ወደ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ስንመጣ፣ ጸሐፊው «ልም አጥንትን መልሶ ይገነባል» ሲሉ እንደ ተረጋገጠ ነገር ነው የጻፉት። አልተረጋገጠም። ቀደም ያሉት ሙከራዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ አንዱ ከ70 ቀን በኋላ መሻሻል አየሁ ሲል ሌላው ምንም ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውሾችና በድመቶች ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ፣ የእነዚህ ሁለት ማሟያዎች ሕመም የማስታገስ ውጤት እዚህ ግባ የሚባል ሆኖ ስላላገኙት ለዚህ ዓላማ መታዘዛቸው ይቅር እስከ ማለት ደርሰዋል። እንክብሎቹ አብዛኛውን ውሻ አይጎዱም። የሚጎዳው የሚባክነው ጊዜ ነው። «ማሟያ ጀምረንለታል» ብሎ ስድስት ወር የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ውሻው በእነዚያ ስድስት ወራት ስምንቱንም ኪሎ ሊቀንስ ይችል እንደነበር አያውቅም።

በዚያው የ2022 ግምገማ ጥሩ ውጤት ካሳዩት አንዱ ኦሜጋ 3 ነው፤ የዓሣ ዘይት ላይ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በጥቅሙ ሳይሆን «እንደልብ» በሚለው ነው። የሚሠሩት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት ሁለት የስብ አሲዶች ናቸው። ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚጠቀሰው ከፍተኛ መጠን ለ30 ኪሎ ውሻ የሁለቱ ድምር በቀን ወደ 4 ግራም ይደርሳል። ተራ የ1 ግራም እንክብል አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የሚይዘው የሁለቱን 0.3 ግራም ብቻ ነው። በቀን አንዷን ጣል ማድረግ ብዙም አይጠቅምም ማለት ነው። በተራ እንክብል ወደ 4 ግራም ለመድረስ ደግሞ 13 ያህል ያስፈልጋል። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሆነ ይህ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ የዕለቱ 90 የማባበያ ድርሻ አልቆ ትርፍ ሆነ! ስለዚህ የሁለቱ መጠን የበዛበት ዘይት ይመረጥ፣ ወይም ኦሜጋ 3 አስቀድሞ የተጨመረበት የመገጣጠሚያ ምግብ ይሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጡ ሙከራዎች ውጤት ያሳዩት እንዲህ ያሉ ምግቦች ነበሩ። ከትንሽ ተነስቶ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ በአንዴ ሲበዛ ያስቀምጠዋል፣ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ብግነት ለሚያጠቃው ውሻ ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና ካለበትም ሐኪሙ ይወቅ፤ የደም መርጋትን ሊነካ ይችላል። የኮድ ጉበት ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለው ቪታሚን ኤ እና ዲ ሲጠራቀም ይመርዛል። የተልባ ዘይትም አይተካውም፤ የውሻ ሰውነት የተልባውን ኦሜጋ 3 ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ነው።

ፕሮቲን ይቀነስ ስለተባለው ረጅም አልጽፍም። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነን ውሻ ፕሮቲን አይጎዳውም፤ ያረጀ ውሻ እንዲያውም ጡንቻው እንዳያልቅ በቂ ፕሮቲን ይፈልጋል። ኩላሊቱ መታመሙ በደምና በሽንት ምርመራ ከታወቀ ምግቡን ሐኪሙ ይወስናል።

ዕረፍቱም እንዲሁ ነው። በሽታው ድንገት ሲነሳበት ጥቂት ቀን ማሳረፍ ያባት ነው። ለወራት ማስተኛት ግን ጭኑን ያከሳዋል፣ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። በገመድ ተይዞ፣ በልኩ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ አጭር አጭር መንገድ ይሂድ። ሳምንቱን ተኝቶ ከርሞ በዕረፍት ቀን ኳስ ሲያሯሩጡት መዋል ግን ለሁለት ቀን የሚያስተኛ ሕመም ያመጣበታል። ዋና ወይም ውኃ ውስጥ መራመድ ከተገኘ ክብደቱን ውኃው ስለሚሸከምለት ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ክብደት መቀነስና ጠንከር ያለ የአካል ብቃት ሕክምና አብረው የተሰጧቸው ውሾች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል።

የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ይህን ምላሽ አንብቦ መድኃኒቱን በምግብ ልተካው የሚል እንዳይኖር። ውሻው ሲቀንስ ማስታገሻው ሊቀነስለት ይችል ይሆናል፤ መቼና በስንት የሚለው ግን ውሻው ተመዝኖ፣ አረማመዱ ታይቶ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራው ወጥቶ ነው። እስከዚያው ግን ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ በሰዓቱ ስጡት። ከመጀመራችሁ በፊትም ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ በስልካችሁ ቅረጹት፤ በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ሐኪማችሁ ጋ ስትሄዱ «የተሻለው ይመስለኛል» ከምትሉት በላይ ያ ምስል ይነግረዋል።